ያልነገርኳት የወጌሻው ቃል

በወልድያና በውርጌሳ መካከል ሚኒባስ ስነዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሹፌር ወንበር ላይ የተቀመጥኩትን ያህል አልጋዬ ላይ የተኛሁ አይመስለኝም። እንደዚያም ሆኖ ወገብ የሚባል ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት አንድ ጠዋት ወልድያ መናኸሪያ ደርሼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ፣ ከመሪው ጀርባ መነሳት ሲያቅተኝ ነው። ቀኝ እግሬን ወደ በሩ ላወጣ ስል ከወገቤ እስከ ባቴ ድረስ አንድ ነገር ሰንጥቆኝ ሄደ። አጠገቤ የቆመ ሌላ ሹፌር በብብቴ ይዞ አወረደኝ። "አረጀህ እኮ!" ብሎ ሳቀ። እኔ ጎማ የማይ መስዬ የመኪናውን በር ጨብጬ ቆምኩ።

መርፌ ተወጋሁ፤ ክኒን ዋጥኩ። ክኒኑ እስኪያልቅ ድረስ ደህና እሆናለሁ፤ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። በዚያ ላይ ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። አንድ ቀን ከመርሳ የተሳፈረች የበርበሬ ነጋዴ ከኋላዬ ተቀምጣ ፊቴን በመስታወት ስታይ ኖሮ፣

"ወንድሜ፣ ወገብህን ነው አይደል?" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ጥርስህን ትነክሳለህ። ውርጌሳ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አሉ። እኔን ካልጋ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው።"

የሽማግሌው ቤት ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ከማንጎ ዛፎች በስተጀርባ ነው። ጠባብ ክፍል ናት። መሬት ላይ የተነጠፈ አጎዛ፣ ምድጃ ላይ የተጣደ የውሃ ድስት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ የተዘፈዘፈበት የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው በድስቱ እንፋሎት ላይ ያሞቁ ጀመር። ወገቤን ወዲያው አልነኩም። መጀመሪያ ጠየቁኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ፣ ስወርድ በየትኛው እግሬ እንደምረግጥ፣ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ። ቀጥለው "ቁም እስቲ፣ ዙር" አሉና የኋላ ኪሴን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቦርሳዬ ነው አባቴ። መንጃ ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ ምናምን።"

"አውጣው። አንዱን ቂጥህን ኮረብታ ላይ፣ ሌላውን ሜዳ ላይ አድርገህ ነው እኮ የምትውለው።"

ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው ጀመሩ። አውራ ጣታቸው የሚያመውን ቦታ ሳልነግራቸው አገኘው። በአራተኛው ጊዜ ስሄድ ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ሳላነክስ ተራመድኩ። ጋቢ አጥፌ ከወገቤ ጀርባ እንዳደርግ፣ በየመድረሻው ወርጄ እንድራመድ፣ ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ተንጋልዬ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እንድስብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "እኔ ጋ እንዳትመላለስ ነው የምነግርህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

እኔ ግን ሰባኪ ሆንኩ። መኪናዬ ውስጥ አንገቱን የሚያሽ ሰው ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ሲሪንቃ የሚወርደውንም፣ መርሳ የሚወርደውንም "ውርጌሳ ድረስ ዝለቅ፣ አደርስሃለሁ" እላለሁ። መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮች "የወጌሻው ደላላ" የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ወደድኩት። ስለ ሐኪም ቤት ወሬ ከተነሳ ደግሞ አፌን ያሳክከኛል፤ "መርፌ ከመውጋት በቀር ምን ያውቃሉ?" እላለሁ፤ ሰውም ይስቅልኛል።

ባለቤቴ መርሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በዚያው ሰሞን ጀርባዬን አለችኝ። ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ።

"ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እየዋልሽ፣ ክንድሽን ሰቅለሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ ምን ታደርጊ?" አልኳት። "መድኃኒቱን እኔ አውቃለሁ።"

ወሰድኳት። ሽማግሌው ትከሻዋን ቀስ ብለው አሹላት፤ ሁለት ቀን ቀለል አላትና እንደገና ባሰባት። ሳምንት ቆይተን ተመለስን። በዚያን ቀን ወጌሻው እጃቸውን ካሞቁ በኋላ ከመንካታቸው በፊት ብዙ ጠየቋት።

"ልጄ፣ ጋደም ስትይ ይተውሻል?"

"አይተወኝም አባቴ። እንዲያውም ስተኛ ነው የሚብሰኝ።"

"ትበያለሽ?"

"ምግብ ዘግቶኛል።"

"ልብስሽስ አልሰፋሽም?"

ባለቤቴ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝና ወደሳቸው ተመለሰች። "ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስጠብቤአለሁ" አለች።

አብሬያት እየኖርኩ ይህን አላየሁም ነበር።

ሽማግሌው አንድ ጣታቸውን ከማጅራቷ ጀምረው በአከርካሪዋ ላይ እያንዳንዷን አጥንት እየነኩ ቁልቁል ወረዱ። አንዷ አጥንት ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ "ወይኔ!" ብላ ጮኸች። እሳት እንደነካው ሰው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ነጠላዋን አለበሷትና "ትንሽ ዕረፊ ልጄ" አሏት። እኔን በዓይናቸው ጠርተው ወደ ውጭ አወጡኝ። አጥሩ ሥር ቆምን።

"ስማኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሥጋ ሲታመም ይቋጠራል፤ ሲያሹት ይፈታል። ይሄን እጄ ያውቀዋል። የሷ ግን አልተቋጠረም። አጥንቷ ነው። አንዷ አጥንት ወደ ውጭ ገፋ ብላለች። እኔ ብነካት እጎዳታለሁ። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ራጅ ያንሷት።"

"እሺ አባቴ።"

"ሌላ ወጌሻ ጋም አትሂዱ። ማንም እንዳያሻት።"

"እሺ" አልኩ። ራሴን ነቀነቅኩ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተር ሳስነሳ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። "ምን አሉህ?"

እስከዛሬ ያቺን ቅጽበት መልሼ መላልሼ አያታለሁ። የምመልሰውን አስቀድሜ አላሰብኩም። አፌ ብቻ ተከፈተ።

"ሰውነቷ ደክሟል ነው ያሉት። ቤት ቅቤ እየቀባህ እሻት፣ ይለቃታል አሉ።"

ለምን እንዲህ አልኩ? አባቴ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገብቶ አስከሬኑ ነው የወጣልን፤ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የተኛ ሰው እንኳ ሄጄ አልጠይቅም። "አጥንት" የሚለው ቃል ራሱ አስፈራኝ። ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። ያን ያህል ከሰበክሁ በኋላ፣ ሐኪሞችን ያን ያህል ካቃለልኩ በኋላ፣ ሚስቴን ተሸክሜ እነሱ በር ላይ መቆም ከበደኝ። ፈተና ይለቅ፣ ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ያኔ እወስዳታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እንዲህ ያለውን ቃል ለራስ መግባት ቀላል ነው፤ የሚጠይቅ የለም።

ከሥራ ስመለስ ቅቤ አቅልጬ፣ የሽማግሌውን እጅ እያስታወስኩ አሻት ጀመር። ያቺን አጥንት እንዳልነካ እጠነቀቅ ነበር፤ ይህም ውሸቴን ጥንቃቄ አስመሰለልኝ። ባለቤቴ ትራሱን ነክሳ ትችላለች።

"እጅህ ከበደኝ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ይለቅሻል፤ ትንሽ ታገሺ።"

አልለቃትም። አብራት የምታስተምር ሴት ወልድያ ውስጥ ዋግምት የሚያደርግ ሰው እንዳለ ነገረቻት። ሄድን። ዱሮ በቀንድ የሚደረገውን አሁን በፕላስቲክ ኩባያ ነው የሚያደርጉት። ክፍሉ ንጹሕ፣ ሰውየውም ጓንት ያጠለቀ ትሑት ሰው ነበር። ጀርባዋን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ ኩባያዎቹን ደረደረባት። "የታመቀ ደም ነው፤ ሲወጣ ቀለል ይላታል" አለ። ወጌሻው ማንም እንዳይነካት ማለታቸውን እያወቅኩ እግሬን አነባብሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁ። ጀርባዋ ላይ የቀሩትን ክብ ክብ ምልክቶች ማታ ልብሷን ስትቀይር ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ሁለት ቀን ቀለላት፤ እኔም "አየሽ!" አልኩ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጀመራት።

ቀጥላ እናቷ መጥታ ጠበል ወሰደቻት። ቀዝቃዛው ውሃ ጀርባዋ ላይ ሲወርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ የሚያገለግሉት አባት ክሳቷን አይተው "ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪምም ይይሽ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም" አሏት።

ባለቤቴም "ወጌሻ አይተውኛል አባ። በጣም አዋቂ ናቸው። መታሸት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት ብለዋል" ብላ መለሰች።

ፎጣዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከኔ ሌላ የሚያርማት ሰው አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ረፋዱ ላይ ሲሪንቃ ቆሜ ተሳፋሪ ስጭን ስልኬ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው። "ቶሎ ና፤ መምህርት ወድቃለች" አለኝ። ተሳፋሪዎቼን እንደያዝኩ መርሳ ገባሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝተዋታል። ጠመኔ በጣቶቿ ላይ ነበር። ፊቷ ረጋ ያለ ነው፤ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

"እግሬ የለም" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው? ይኸው አለ!"

"አለ። ግን የለም። አልታዘዝ አለኝ።"

ሁለት ተሳፋሪዎች ከኔ ጋር ተሸክመው አስገቧት። ኋላ ወንበር ላይ አጋድመናት ወልድያ ሆስፒታል ገባን።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። የባለቤቴን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታች፣ የእግሯን መዳፍ በመዶሻው እጀታ ጫፍ ጫረች፣ ራጅ አዘዘች። ራጁን መብራት ላይ አድርጋ አሳየችን። ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርምሰው ይታያሉ፤ የማያውቅ ሰው እንኳ ልክ እንዳልሆነ ያያል።

"ነቀርሳ፣ ቲቢ ይመስላል" አለች። "ሰው ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል፤ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል። ደሴ ሄዳችሁ ተጨማሪ ምርመራ ታደርጋላችሁ። መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ግን ዘግይታችኋል። ሕመሙ ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ወራት ሆኖኛል" አለች ባለቤቴ።

ሐኪሟ የዋግምቱን ምልክቶች አየቻቸው። "ታሽተሽበታል?"

"ውርጌሳ ያሉ ወጌሻ አይተውኝ ነበር። ከዚያ ባለቤቴ እሳቸው ባዘዙት መሠረት ቤት ያሸኛል።"

"ሐኪም ቤት ሂጂ ያለሽ ሰው አልነበረም?"

"ከወጌሻው በፊት ማንም። በኋላ ጠበል ላይ አንድ አባት ብለውኝ ነበር፤ ወጌሻውን አምኜ ተውኩት።"

ሐኪሟ ጽሑፏን ቀጠለች። እኔ የክፍሉን ወለል እያየሁ ነበር። መናገር ብፈልግ ያኔ ነበር ጊዜው።

ደሴም ያንኑ አረጋገጡ። ብዙ ክኒን፣ ጀርባዋን የሚይዝ ጠንካራ መደገፊያ፣ ለወራት መተኛት። እናቷ እኛ ቤት ገባች። ትምህርት ቤት ሌላ መምህር ተተካ። የእግሯ ጣቶች እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ወልድያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ እየወሰድኳት በፎጣ እግሯን መሳብ፣ ተኝታ ጉልበቷን ማጠፍ ተማረች። ያ ባለሙያ አንድም ቀን ሳይቆጣ፣ ትንሿን እንቅስቃሴ እንደ ትልቅ ነገር እያየ ነበር የሚያሠራት። ባለቤቴ ላብ በላብ እስክትሆን ትሠራለች።

በዚህ መሃል ወሬው መንገዱን ይዞ ሄዷል። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ስነዳ ከኋላዬ እሰማዋለሁ።

"የመምህርቷን ጀርባ ወጌሻው ሰበሯት አሉ።"

"አርጅተዋል እኮ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።"

"ደግሞ ሰው ያሻሉ! መከልከል ነበረባቸው።"

እኔ መሪውን ይዤ እነዳለሁ። አንድ ቀን ያቺ የበርበሬ ነጋዴ ተሳፍራ ነበር። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ "ወንድሜ፣ እውነት ነው? እኔ አላምን ብዬ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። እስቲ አንተው ንገረን" አለችኝ። ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቃል።

"ተይው እስቲ እህቴ" አልኩና ሬዲዮኑን ከፈትኩ።

እሷም ወደ ኋላ ተደገፈች። ወሬውን እውነት ነው ብላ እንደወሰደችው ከፊቷ አየሁ።

ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ ሽማግሌው ውርጌሳ መንገድ ዳር እጃቸውን ዘርግተው ቆመው አገኘኋቸው። እግሬ ነዳጁን ሊረግጥ ዳዳው። ቆምኩ። ጋቢና ከጎኔ ተቀመጡ። ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ሲጎሳሰሙ በመስታወት አየሁ።

"ልጅቱ እንዴት ናት?" አሉኝ በቀስታ።

"ደህና ናት አባቴ። እግሯን ማንቀሳቀስ ጀምራለች።"

"ሐኪም ምን አላት?"

"ነቀርሳ ነው አሉ። አከርካሪዋ ላይ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒት ያለው ነው።" ከዚያ "ሰው ወደኔ መምጣት ትቷል" አሉ። "ባለፈው አንዲት እናት ክንዷ የወለቀ ልጇን ይዛ በራፌ ድረስ መጣች። ጎረቤት አንድ ነገር አላትና ተመለሰች። ልጅቷ ታለቅስ ነበር። ላንድ አፍታ ሥራ ነበር እኮ።"

ማርሹን ቀየርኩ።

"ያን ቀን ያልኩህን ለልጅቱ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም አባቴ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መርሳ እስክንገባ የመንገድ ዳሩን ማሽላ ሲያዩ ቆዩ። ሲወርዱ በሩን ይዘው፣ "እኔ ለማንም አልናገርም። በባልና በሚስት መሃል አልገባም። አንተ ግን ንገራት። ስለኔ ብለህ አይደለም" አሉኝና ወደ ገበያው ሄዱ።

ሌላ ዙር አልሠራሁም። መኪናውን አቁሜ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ሆና ፎጣውን በእግሯ መዳፍ አዙራ እየሳበች ነበር። እናቷ ውጭ ልብስ ታሰጣለች። አጠገቧ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ ነገርኳት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ፎጣውን መሳብ አላቆመችም።

"እንደገና በለው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እሳቸው ያሉትን። ቃል በቃል።"

አልኩላት።

"'ማንም እንዳያሻት' ብለው ነበር?"

"አዎ።"

"ከዚያ አንተ ታሸኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ዋግምት ስደረግም እዚያው ተቀምጠህ ነበር።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ያኔ ነው ፎጣው ከእጇ የወደቀው። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። "ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እንኳ... እኔ እኮ እሳቸውን ነው ያማሁት። በሞቴ፣ ውጣልኝ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት በእናቷ በኩል ብቻ ነበር የምትናገረኝ። "ውሃ እንዲያቀርብ ንገሪው።" "ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው በይው።" እኔም ውሃውን አቀርባለሁ፤ ቀጠሮውን አከብራለሁ። እናቷ ነገሩን ስትሰማ ለአንድ ቀን አለቀሰች፤ ቀጥላ ምግቤን ታቀርብልኝ ነበር፤ ግን ብላ ብላ ማለቱን ትታለች።

ለባለቤቴ በነገርኳት ማግስት መርሳ ላይ መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል ወደ ኋላ ዞርኩ። "ስለ ውርጌሳው ወጌሻ የሚወራው ውሸት ነው" አልኩ። "ሐኪም ቤት ውሰዳት ብለውኝ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ።" አንድ ሽማግሌ ገበሬ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰው ስም ሲጠፋ ዝም ብለህ ትሰማ ነበር?" አሉኝ። አንዲት ሴት ዕቃዋን ሰብስባ ወረደችና ከኋላዬ ተራ የያዘው መኪና ውስጥ ገባች። ያንን ንግግር በየመስመሩ፣ በየቀኑ ደገምኩት። የበርበሬ ነጋዴዋን ሳገኛት ለብቻዋ ነገርኳት። "እኔስ ለወጌሻው ስከራከር ከርሜ መጨረሻ ላይ ያሳፈርከኝ አንተ ነህ" አለችኝ። እስከዛሬ የኔ መኪና ላይ አትሳፈርም።

ባለቤቴ በሁለት ክራንች መራመድ በጀመረች በሁለተኛው ወር በቀጥታ አናገረችኝ።

"ውርጌሳ ውሰደኝ።"

ከአስፋልቱ እስከ ሽማግሌው ቤት ያለውን መንገድ በራሷ ሄደች። ክንዷን ልይዝ ስል "ተው" አለችኝ፤ ከኋላዋ ተከተልኩ። አራት ጊዜ ቆማ አረፈች። ሽማግሌው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ተነሱ።

"እንዴት ዋሉ አባቴ? ይቅር ይበሉኝ" አለቻቸው። "አንቱ ያላሉትን አሉ ብዬ፣ ስምዎን በክፉ ሳነሳ ነው የከረምኩት።"

"አውፍ ብያለሁ ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺ የነገሩሽን ነው ያመንሽ። ግቢ፣ አረፍ በይ።"

ትንሽ ካረፈች በኋላ ክራንቹ ትከሻዋንና ክንዷን እንደያዘባት፣ ማታ ማታ እንደሚያቃጥላት ነገረቻቸውና ያዩላት እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው ወዲያው እሺ አላሉም።

"ሐኪምሽ ታውቃለች?"

"ጠይቄያታለሁ አባቴ። ጀርባዬን ሳይነኩ ትከሻዬንና ክንዴን ብቻ ከሆነ ይቻላል ብላለች።"

"እንግዲያው እሺ" አሉና ድስቱን ጣዱ። በሩ ላይ ቆሜ እንደነበር ያዩኝ ያኔ ነው። "አንተ ውጭ ጠብቅ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ሥራ ሊጀምር እንዳለ ሰው ነው የተናገሩት። ውጭ ቆሜ "ቢስሚላህ" ሲሉ ሰማሁ። ቆይቶ ባለቤቴ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ "እፎይ" ስትል ሰማሁ። ከእኔ እጅ ሥር ያንን ድምፅ አውጥታ አታውቅም።

ሲወጡ "አባቴ፣ እኔንም ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እኔ ብያለሁ። የሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም" አሉኝ።

አሁን ክኒኑን ጨርሳለች። በአንድ ዱላ ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ተመልሳ ተቀምጣ ታስተምራለች። ወደ ሽማግሌው ቤትም ሰው መሄድ ጀምሯል፤ እንደ ዱሮው ግን አይደለም። የጠፋን ስም በሚኒባስ ሙሉ ሰው እየደጋገሙ ማስመለስ እንዳሰብኩት አልሆነም።

ባለፈው ሰሞን ለክትትል ወልድያ ሄድን። ሐኪሟ አዲሱን ራጅ ካየች በኋላ ባለቤቴ ልብሷን እስክታስተካክል እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። "አንድ የምነግርህ ነገር አለ" አለችኝ።

"እሷ ፊት ይሁን" አልኩ። የተዘጋውን በር ራሴ አንኳኳሁ፤ ባለቤቴ ግቡ ስትል ከፈትኩት።

ሐኪሟ ገብታ ለሷ ነገረቻት። ነቀርሳው ጠፍቷል፤ የጎበጠው ጀርባዋ ግን አይቃናም። ዱላውም አብሯት ይኖር ይሆናል።

"እሺ" አለች ባለቤቴ። ቦርሳዋን አነሳች።

ስንመለስ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠች። ሲሪንቃ ሰው ላወርድ ስቆም ወደኔ ሳትዞር፣

"መጀመሪያ ላንተ ልትነግርህ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ምን አልካት?"

ያልኩትን ነገርኳት። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። የወረደው ሰው በሩን ዘጋልኝ፤ ማርሽ አስገብቼ ወደ መርሳ ነዳሁ።